ጅማ፦ ጠጅ ቤት ደጃፍ በተነሣ ጠብ ሰው ሞቶ ገዳዩ ሳይታወቅ የቀረ የድሮ ጉዳይ፣ መዝገቡ እንዴት ይፈለጋል?

ሂርማታ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ጅማ የድሮ መጠጥ ቤቶች ለሚዘጋጅ ጽሑፍ አንድ ጉዳይ እየተጣራ ነው። ዘመኑ 1953 ወይም 1954 ዓ.ም. ነው፤ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችበት ጊዜ። ጠጅ ቤት ውስጥ የተጀመረ ጭቅጭቅ ደጅ ወጣ፤ ወዲህም ወዲያም ወገን የያዘ ሰው በዛበትና ድብድብ ሆነ። አንዱ ራሱን ተመታ፤ ተነሥቶ በእግሩ ቤቱ ገባ፤ በማግስቱ ሞተ። የተፈረደበት ሰው የለም። የሟችንም የተጠረጠሩትንም ስም እዚህ አልጽፍም፤ ዘሮቻቸው ከተማው ውስጥ አሉ።

ወሬው ሦስት ነው። አንዱ "በሽመል ነው" ይላል፤ ሌላው "በብርሌ ነው" ይላል፤ ሦስተኛው ማንም አልመታውም፣ ተገፍትሮ ወድቆ ድንጋይ ነው የመታው ይላል። በሟች ስም ፍርድ ቤት ቢፈለግ ምንም የለም።

ጥያቄዬ፦ ሰነዱ የት ሊሆን ይችላል? ቢገኝስ ከሦስቱ ወሬ የትኛው እውነት እንደሆነ ከወረቀት መለየት ይቻላል?

---

መዝገብ ቤት

በሟች ስም መፈለጉ ነው የመጀመሪያው ስሕተት። የወንጀል መዝገብ የሚከፈተው በተከሳሽ ስም ነው። ዐቃቤ ሕግ ከሶ ተከሳሽ እገሌ ካልተባለ ፍርድ ቤት ፋይሉን አያውቀውም፤ ገዳዩ ያልተለየበት ነገር ፖሊስ ዘንድ ምርመራ እንደሆነ ነው የሚቀረው። ስለዚህ "ፍርድ ቤት የለም" ማለት "መዝገብ የለም" ማለት አይደለም።

ግን ፍርድ ቤቱንም ቶሎ አይልቀቁት። በቡድን ጠብ ሰው ሲሞት ፖሊስ ከአካባቢው ሰው ሳይዝ አይመለስም። የነፍሱ ክስ ማስረጃ ቢያጣ እንኳ የተያዙት በድብደባ፣ በአካል ጉዳት ወይም ጸጥታ በማደፍረስ ይከሰሳሉ። ስለዚህ የሚፈለገው "ግድያ" የሚል መዝገብ ሳይሆን በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሰፈር፣ ሦስት አራት ተከሳሽ ባንድ ላይ የተጻፈበት ቀላል ክስ ነው። ነፍስ ግድያ የሚታየው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ነበር፤ ቀላሉ ግን በወረዳ ወይም በአውራጃ ፍርድ ቤት ስለሚያልቅ መፈለጊያው ቦታ ራሱ ይለያል። አብዛኛው ፈላጊ ከፍተኛውን አገላብጦ ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

በሟች ስም የሚከፈት መዝገብም አለ፤ እሱ ግን የፍትሐ ብሔር ነው። የመጀመሪያው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው፦ ሟች ቤት ወይም ቦታ ከነበረው ወራሾቹ ሲያመለክቱ የሞተበትን ቀን ጽፈዋል፣ ምስክርም አቅርበዋል። ቀኑ ከዚያ ከተገኘ የቀረው ፍለጋ በግማሽ ይቀላል። ሁለተኛው የጉዳት ካሳ ክስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ስለዋለ እርስዎ የሚሉት ዘመን ከሥሩ ይገባል። ቁጥር 2142ን አንብቡት፦ ጉዳቱን ያደረሰው ከብዙ ሰዎች አንዱ መሆኑ ታውቆ የትኛው እንደሆነ መለየት ካልተቻለ፣ ዳኛው ለርትዕ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው፣ አድራሹ በእርግጥ ከመካከሉ የሚገኝበትን ቡድን በሙሉ ባንድነት ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። በወንጀል ነጻ የወጡ አምስት ሰዎች በካሳ መዝገብ ላይ ተደርድረው ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። የካሳ ክስ በመደበኛው በሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ያለውን ሁለት ዓመት አስቀድሙ፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነ ግን ረዘም ያለው የወንጀሉ ይርጋ ስለሚሠራ እዚያ ላይ አታቁሙ።

ከመንግሥት ውጭ የዕድር መዝገብን አትርሱ። ለቀብር የወጣው ብር ከነቀኑ ይጻፋል። ጋዜጣ ደግሞ አዲስ ዘመንና የፖሊሱ ጋዜጣ "ፖሊስና እርምጃው" አሉ፤ ሁለቱንም አዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ነው። የክፍለ ሀገር ወሬ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪታተም ይዘገያልና ከሞቱ ቀን አንሥቶ ቢያንስ የአንድ ወር እትም እዩ። በማግስቱ እትም አጥቶ "አልወጣም" ብሎ መደምደም የተለመደ ስሕተት ነው።

---

አዌቱ ዳር

ከሁሉ በፊት ዓመቱን ቁረጡ። "53 ወይም 54" ብሎ መዝገብ ቤት መግባት ሥራን እጥፍ ማድረግ ነው።

የሚያስታውሱትን ሰዎች ዓመት አትጠይቋቸው፤ ዓመት ማንም አያስታውስም። "ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ?" በሏቸው። መፈንቅለ መንግሥቱ ታኅሣሥ 1953 ላይ ስለሆነ ያን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ክርስቲያን ሽማግሌ ከሆኑ የዓመቱ ወንጌላዊ ማን እንደነበር ይጠይቁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በዓመቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለቀሪ ከሄደ ዮሐንስ። 1953 ማቴዎስ ነው፣ 1954 ማርቆስ። ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ ከረመዳን ጋር ያያይዙት፤ በ1953 ረመዳን የገባው በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ነበር፣ በ1954 ግን ወደ ጥር መጨረሻ መጥቷል። "ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ" የሚል ቃል ብዙ ቀን ያጠባል።

ሌላው ወጥመድ የቦታ ስም ነው። ቁጥር ያለው የከተማ ቀበሌ የመጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ ከ1967 በኋላ ነው። በ1953 የተጻፈ የተባለ ወረቀት ላይ "ቀበሌ 04" ካያችሁ ኋላ የተገለበጠ ነው ወይም ቀኑ ሐሰት ነው። "ክፍለ ሀገር" የሚለውም እንዲሁ የደርግ ቃል ነው፤ በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛት ነው የሚባለው።

---

ከሐኪም ወገን

ሦስቱን ወሬ መለየት ይቻላል ወይ ለሚለው፦ የሐኪም ወረቀቱ በደንብ ከተጻፈ አዎ፤ "ራሱን ተፈንክቶ ሞተ" ብቻ ከሆነ አይቻልም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። "በእግሩ ቤቱ ገብቶ በማግስቱ ሞተ" የሚለው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ምቱ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ከጆሮ በላይ ባለው ስስ አጥንት ውስጠኛ ገጽ የሚያልፍ የደም ሥር አለ። አጥንቱ ሲሰነጠቅ እሱ ይቀደድና ደሙ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። ሰውዬው መጀመሪያ ትንሽ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ለሰዓታት ደኅና ይሆናል፤ ያወራል፣ ይራመዳል። የተጠራቀመው ደም አንጎሉን መጫን ሲጀምር ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ከዚያ እንቅልፍ የመሰለ ሰመመን ይመጣል። ጠጅ የጠጣ ሰው ቢያስታውክና ቢያንኮራፋ "ሰክሮ ነው፣ ይተኛ" ይባላል። አንዱ ዓይኑ ብሌኑ ሰፍቶ መቅረቱን የሚያይ የለም። ሲነጋ ሞቶ ይገኛል። ስለዚህ የቤት ሰዎች ቃል ከተገኘ የመጀመሪያው ጥያቄ "ማን መታው" ሳይሆን "ሌሊቱን እንዴት አደረ፣ በስንት ሰዓት መናገር አቆመ" ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ወሬ። ቆሞ የሚመታ ሰውና ወድቆ የሚመታ ሰው አንጎል የሚጎዳው በተለያየ ቦታ ነው። ራስ ቆሞ ዱላው ሲመጣበት አንጎሉ የሚቀጠቀጠው ከተመታበት ቦታ ሥር ነው። ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሄዶ ድንጋይ ሲመታ ግን ጉዳቱ በተቃራኒው ወገን ይብሳል፤ በጀርባው ወድቆ ማጅራቱን የተመታ ሰው አንጎሉ የሚቀጠቀጠው በግንባሩ በኩል ነው። ሬሳው ተከፍቶ ታይቶ "ቁስሉ ከኋላ፣ የአንጎሉ ጉዳት ከፊት" ከተባለ የመውደቁ ወሬ ክብደት ያገኛል። ከላይ ብቻ ታይቶ ከተጻፈ ግን የቁስሉ ቦታ ብቻ ነው ያላችሁ። ለእሱ ደግሞ ባርኔጣ የሚያርፍበትን መስመር አስቡ፦ ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆስለው በዚያ መስመር ላይ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ከመስመሩ በላይ አናት አካባቢ ያለ ቁስል ወደ ምት ያመለክታል። ይህ ግን ማመላከቻ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ጠርዝ ያለው ደረጃ ላይ ለወደቀ ሰው አይሠራም።

ሽመልና ብርሌ፦ የራስ ቆዳ ከአጥንት ላይ የተወጠረ ስለሆነ ዱላ ሲያርፍበት ቢላዋ እንደ ቀደደው ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ልምድ የሌለው ሰው "በስለት" ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። ልዩነቱ ያለው ቁስሉ ሲከፈት ነው፦ የዱላው ውስጡ ላይ ክር የመሰለ ሥጋ ከወዲያ ወዲህ ተያይዞ ይቀራል፣ ዳርና ዳሩ ይጠቁራል። የስለትና የመስተዋት ቁስል ዳሩ ንጹሕ ነው፣ ክር አይቀርበትም። ብርሌ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉውን ይዞ አናት ላይ ቢያሳርፉት ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ብርሌው ነው፤ ቆዳ ያደማል እንጂ ወፍራም አጥንት መስበሩ ይከብደዋል። ሰው የሚገድለው ተሰብሮ አንገት ላይ ሲሰካ ነው። የእናንተ ሰው አንገቱ ካልተነካና ራስ ቅሉ ተሰብሮ ከሆነ ብርሌውን ወደ ታች አድርጉት።

ወረቀቱ ከተገኘ አራት ነገር ፈልጉ፦ ቁስሉ ከጆሮ ወይም ከቅንድብ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደራቀ፣ ርዝመቱ፣ የዳሩ ሁኔታ፣ በእጆቹ ክንድ ላይ የመከላከል ቁስል መኖር አለመኖሩ። ክንዱ ላይ ሰንበር ያለው ሰው ዱላ ሲመጣበት አይቷል ማለት ነው።

---

ሂርማታ

ይህን ሁሉ አመሰግናለሁ። የሐኪሙ ወረቀት ባይገኝስ? መቃብሩ የት እንደሆነ ይታወቃል። አጥንቱ አይናገርም?

---

ከሐኪም ወገን

ለጽሑፍ ብሎ መቃብር ማስከፈት የሚታሰብ አይደለም፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መንካትም ወንጀል ነው። ቢፈቀድም ብዙ አትጠብቁ። ከስድሳ ዓመት በኋላ አንጎልና ቆዳ ስለሌለ ከላይ ካልኩት ግማሹ አይሠራም፤ የሚቀረው የስብራት መስመር ነው። የጅማ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፣ ዝናቡም ብዙ ነው፤ አጥንትን ይበላል፣ ከጆሮ በላይ ያለው ስስ አጥንት ቀድሞ ይሄዳል። የአፈር ክብደት የሰበረውንና ዱላ የሰበረውን መለየት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በእርጥቡ የተሰበረ አጥንት ጠርዙ ለስላሳና ዘንበል ያለ፣ ቀለሙም ከቀሪው አጥንት ጋር አንድ ነው፤ ከደረቀ በኋላ የተሰበረው ጠርዙ ሸካራ፣ ቀለሙም ነጣ ያለ ነው። ይልቅ የሆስፒታሉን የድሮ መዝገብ ጠይቁ፤ ጅማ በጣሊያን ጊዜ የተመሠረተ ሆስፒታል ነበራት፣ ሬሳ ቢታይ እዚያ ነው የሚታየው።

---

ሕግ ነክ

ወዳጆቼ፣ ለምን ሳይፈረድ እንደቀረ ገምት ብባል "ምስክር ጠፍቶ" አልልም። ቡድን ጠብ ላይ ምስክር ሞልቶ ተርፎ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ሃያ ሰው አይቷል፤ ሃያውም ዱላ ሲወርድ አይቷል፤ ግን የትኛው ዱላ የማን ራስ ላይ እንዳረፈ ሲጠየቅ ሃያ መልስ ይወጣል። ዐቃቤ ሕጉ ማስረዳት ያለበት ደግሞ "ተደባድበዋል" የሚለውን ሳይሆን የዚህ ሰው ምት ለሞቱ ምክንያት መሆኑን ነው።

የታወቀ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ከኛ አገር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ኤፕሰም በምትባል ከተማ፣ በ1919 እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን (በእኛ ሰኔ 10 ቀን 1911)፣ ውድኮት ፓርክ ከሚባል የማገገሚያ ሰፈር የወጡ የካናዳ ወታደሮች "ራይፍልማን" በተባለ መጠጥ ቤት ተጣሉ። ፖሊስ ያዘ፤ ጓደኞቻቸው ተጠራርተው ጣቢያውን ከበቡ፤ ወደ 400 ይጠጋሉ ይባላል። ቶማስ ግሪን የተባለ የ51 ዓመት የፖሊስ ሳጅን በዚያ ግርግር ራሱን ተመትቶ በማግስቱ ሞተ። በጊልፎርድ ከቀረቡት ወታደሮች አምስቱ በሁከት አንድ አንድ ዓመት ተፈረደባቸው፤ በሞቱ ግን አንድም ሰው አልተፈረደበትም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1929፣ ከተፈረደባቸው አንዱ የነበረው አለን ማክማስተር ዊኒፔግ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ "የገደልኩት እኔ ነኝ" አለ። ካናዳ ለለንደን ጻፈች፤ ስኮትላንድ ያርድ ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ ሰውዬውን አንፈልገውም ብሎ መለሰ። ለቀቁት።

መዝገብ ቤት ያለው እዚህ ላይ ይሠራል፦ በግሪን ጉዳይ ፍርድ የተሰጠው በሁከቱ ክስ ነው። ቀላሉ ክስ ውስጥ ነው ከባዱ ነገር የተቀበረው።

ወደ ጅማ ስንመለስ፣ የሚሠራበት ሕግ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው፤ የጸናው ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ጀምሮ ነው። ቁጥር 522 ከባዱ ግድያ፣ 523 ተራው (ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት)፣ 524 በቁጣ ወይም ከመከላከል ልክ በማለፍ የተፈጸመው። ጠጅ ቤት ጠብ አብዛኛውን ጊዜ 523 እና 524 መካከል ነው የሚዋልለው። ይህ ለፍለጋችሁ ትርጉም አለው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ጥቅምት 23 ቀን 1954 ወጣ፤ በእሱ መሠረት ቀዳሚ ምርመራ የሚደረገው በ522 ለተከሰሰና በከባድ ውንብድና ለተከሰሰ ነው። ቀዳሚ ምርመራ ከተደረገ የምስክሮች ቃል በዳኛ ፊት ተጽፎ ተቀምጧል፤ ፖሊስ ከሚቀበለው ቃል የጠራ ነው፣ ምስክሩ ቢሞት እንኳ በቁጥር 144 ለማስረጃ ይቀርባል። ጠቡ ከጥቅምት 1954 በፊት ከሆነ ወይም ክሱ በ523 ታስቦ ከሆነ ግን ያንን ወረቀት የማግኘት ተስፋችሁ ጠባብ ነው።

የፖሊስ ቃል ስታነቡ ቋንቋውን ልብ በሉ። የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ ምስክሩ ግን የተናገረው በኦሮምኛ፣ በዳውሮኛ ወይም በከፍኛ ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ "ገፋው" እና "መታው" የሚሉት ሁለት ቃላት ከአንድ አፍ ይውጡ ከሁለት አታውቁም። እናንተ ጋ ደግሞ ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለው በነዚሁ ሁለት ቃላት ላይ ነው።

---

ጅሬን

ሁላችሁም ወረቀት ወረቀት ትላላችሁ። ነገሩ በጉማ አልቆ ቢሆንስ? በሽማግሌ ታይቶ፣ ደም ተከፍሎ፣ ሁለቱ ወገን ከታረቀ ምስክር ፖሊስ ጋ ሄዶ አፉን አይከፍትም። መዝገቡ የተዘጋው ለዚህ ይሆናል። ጉማ መከፈሉን ካረጋገጣችሁ ደግሞ ገዳዩን አወቃችሁ ማለት ነው፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው።

---

ሕግ ነክ

የመጀመሪያው ልክ ነው፤ ሁለተኛው አይደለም። ጉማ የሚያዋጣው ጎሳ ነው እንጂ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በቡድን ጠብ ከሆነ "ከእኛ ወገን አንዱ ነው" ብሎ መክፈል በቂ ነው፤ ጣት መጠቆም የግድ አይደለም። ከፋዩን አገኘን ማለት ወገኑን አገኘን ማለት ነው፣ እጁን አይደለም። ደግሞ በሕጉ ፊት እርቅ የነፍስ ክስን አያስቀርም ነበር፤ ምስክር ዝም ሲል ግን ክሱ በራሱ ይሞታል። አውጫጭኝም ቢሆን ከተደረገ ሰፈሩን ሰብስቦ "አውጡ" ማለት ስለሆነ ከዚያ የሚወጣው ስም በጥርጣሬ መታየት አለበት፤ ሰው የሚጠቁመው የሚጠላውን ወይም ዘመድ የሌለውን ነው።

---

ጅሬን

እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። ግን ስም ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጅማ ያላደገ ሰው ይሳሳትበታል። እዚህ አገር አንድ ትልቅ ሰው የተወለደበት ስም አለው፣ "አባ" የሚል የፈረስ ስምም አለው። የጅማውን ንጉሥ ዓለም የሚያውቃቸው በአባ ጅፋርነት ነው፤ የተወለዱበት ስም ቱሉ ነው። በአንድ መዝገብ ተከሳሽ ቁጥር 2 በተወለደበት ስም፣ በሌላው በ"አባ" ስሙ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለት ሰው ይመስላችኋል። የአባቱን ስምና ሰፈሩን አስተያዩ። በፊደልም ሐመሩን ሐ፣ ሃሌታውን ሀ፣ ብዙኃኑን ኀ ሦስቱንም ሞክሩ፤ ጸሐፊው እንደ ልቡ ነው የሚጽፈው።

---

አዌቱ ዳር

በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎችን ለሚያናግር ሰው ደግሞ፦ አንድ ላይ ሰብስባችሁ አትጠይቁ። ቡና ተፈልቶ ሦስት አዛውንት ከተቀመጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያላችሁ አንድ ታሪክ ነው፤ ሦስቱም የሚደግሙት የአንደበተ ርቱዑን ይሆናል። ለየብቻ አናግሩ፤ "ማን ገደለው" በመጨረሻ ይምጣ። መጀመሪያ ወረቀት ሰጥታችሁ የጠጅ ቤቱን በር፣ መንገዱን፣ ራሳቸው የቆሙበትን ቦታ ያሥሉ። የቆመበትን ማሳየት የማይችል ሰው አላየም፣ ሰምቷል።

"አሉ" የምትለዋን ቃል አትጣሏት። "መታው" እና "መታው አሉ" ሰማይና ምድር ናቸው፤ ድምፅ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ግን ዓረፍተ ነገር ለማሳመር "አሉ"ን ይቆርጣታል፤ የወሬ ምስክሩ በአንዲት ቃል መጥፋት የዓይን ምስክር ሆኖ ይወጣል። በቀዳችሁበት ቋንቋ ቃል በቃል ጻፉ፣ ኦሮምኛ ከሆነም በኦሮምኛ።

ከዚያ ብርሃኑን መርምሩ። ጅማ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። ጠቡ ሦስት ሰዓት ላይ ከሆነ ያለው ብርሃን የጠጅ ቤቱ ፋኖስ ወይም አምፖልና ጨረቃ ነው። የሂጅራው ቀን ከታወቀ የጨረቃዋን ዕድሜ አወቃችሁ፦ በ14 እና በ15 ሙሉ ናት፣ ገና ከጀምበር መጥለቅ ጋር ትወጣለች፤ በ25 ከሆነ ግን የምትወጣው ሊነጋጋ ሲል ነው፣ በሦስት ሰዓት ጨለማ ነበር ማለት ነው። "ፊቱን በጨረቃ አየሁት" ያለ ሰው በ25ኛው ሌሊት ከሆነ ቃሉ እዚያው ያበቃል። ከፋኖስ ብርሃን ወደ ጨለማ የወጣ ሰው ደግሞ ዓይኑ እስኪለምድ ለደቂቃዎች ደንብሮ ነው የሚቆየው፤ ጠቡ የተጀመረው ውስጥ ነው ካላችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች "ለይቼ አየሁ" የሚለውን ሁሉ በዚህ ሚዛን አስቀምጡት።

---

ሂርማታ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሁሉም ተሟልቶ ወደ አንድ ሰው ቢያመለክት፣ ሰውዬው በሕይወት ቢኖር ዛሬ ይከሰሳል? ስሙንስ ማተም ይቻላል?

---

ሕግ ነክ

አይከሰስም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 217 ከአሥር ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል በ20 ዓመት፣ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣው በ25 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ይርጋው በመሃል ቢቋረጥ እንኳ ከእጥፉ አያልፍም፤ 1953 ላይ 50 ብትደምሩ 2003 ነው፣ እሱም አልፏል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ይርጋ የማያግዳቸው በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ናቸው፣ የጠጅ ቤት ጠብ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ስሙን ግን አታትሙ። ያልተፈረደበትን ሰው ገዳይ ብሎ መጻፍ ስም ማጥፋት ነው፤ ይርጋው የሚጠብቀው እሱን እንጂ እናንተን አይደለም። "ተከሳሽ 1፣ ተከሳሽ 2" እያላችሁ ጻፉት፤ የመዝገቡን ቁጥርና ቀኑን ስጡ።

---

መዝገብ ቤት

ሰኞ ከሄዳችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ያዙት፦ መጀመሪያ ወራሽነት በሟች ስም፣ ከ1953 እስከ 1956። ቀኑ ሲገኝ ያንኑ ሳምንት በወረዳና በአውራጃ የድብደባ መዝገብ ውስጥ። ማመልከቻው ላይ "ለታሪክ ጥናት" ብላችሁ ጻፉ፣ ከድጋፍ ደብዳቤ ጋር፤ ያለ ደብዳቤ በር ላይ ነው የሚመልሷችሁ። የባሕር መዝገቡን ሳታዩ ፋይል አትጠይቁ፤ ፋይሉ ተቃጥሎ ወይም በምስጥ ተበልቶ ቢሆን እንኳ ባሕር መዝገቡ ላይ የተከሳሾቹ ስም፣ የክሱ ዓይነትና ውሳኔው በአንድ መስመር ይቀራል።